«ቲቸር፣ ዛሬ ምን ትሰጪናለሽ?»

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ለመጻፍ ግን ዛሬ ገና ደፈርኩ።

መምህርት ነኝ። የምኖረውም የማስተምረውም ኮምቦልቻ ነው። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የአንዱ ክፍል ሆምሩም ቲቸርም እኔ ነኝ። 64 ልጆች አሉኝ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ሰሞኑን ፈረቃችን ከሰዓት ነው። የኮምቦልቻን የከሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 64 ልጅ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ይገባዋል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ዱላ ይዤ ነበር የምገባው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙዎቻችን እንይዛለን። አብዛኛውን ጊዜ ዴስክ ለመምታት ነበር። አንድ ቀን ግን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ረጅም ልጅ በአፉ የባጃጅ ድምፅ እያሰማ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ጠራሁት። እጅህን ዘርጋ አልኩት። ሦስት ጊዜ መታሁት። አላለቀሰም። እጁን እንኳ አላሻሸም፤ ዝም ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ያንን እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ዛሬም ይረብሻል፣ ዛሬም ያስቃል፣ እኔን ግን ቀና ብሎ አያየኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱላውን ተውኩ። በምትኩ ሽልማት ጀመርኩ። እስክሪብቶ፣ ደብተር፣ አንዳንዴም ከረሜላ ከደመወዜ እየገዛሁ የቤት ሥራ ለሠራ፣ ጸጥ ላለ እሰጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተአምር ነበሩ። ከዚያ በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ትሰጪናለሽ?» ገንዘብ ባለቀብኝ ሳምንት ዴስክ እየደበደቡ «ካልሸለምሽን አንሠራም» አሉኝ። በዚያው ቀን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ሁሌ እሠራለሁ። አንድም ቀን ሰጥተሽኝ አታውቂም። የምትሰጪው ለሚረብሹት ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የዚያ የኋላ ወንበሩ ልጅ እናት ፋብሪካ ትሠራለች፣ በፈረቃ ነው። ሦስት ጊዜ ወላጅ አምጣ ብዬዋለሁ። በሦስተኛው ባጃጅ ተራ ያገኘውን ሰውዬ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞልኝ መጣ። ሰውዬው ስሙን እንኳ አያውቀውም ነበር።

ባልደረቦቼ «አሞላቀቅሻቸው፣ የእኛ አገር ልጅ ያለ ዱላ አይገባውም» ይሉኛል። ከላይ ደግሞ «ክፍልሽን ሥርዓት አስይዢ» ተብያለሁ። ወደ ዱላው ልመለስ? ወይስ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡልኝ ልበል? ማስተማር እወድ ነበር። አሁን እሁድ ማታ ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል።

በ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ በ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ጊዜ እንደመታሽው ቆጥረሽ ይዘሻል። እጁን የት እንደከተተ አይተሻል። እንዲህ የምታይ መምህርት ወደ ዱላው ትመለሳለች ብዬ አላምንም። የጠየቅሽኝ ስለ ዱላ ቢመስልም እኔ የሰማሁት ይህንን ነው፦ ዱላውን ጣልኩ፣ እስክሪብቶውም አለቀብኝ፣ ባዶ እጄን 64 ልጅ ፊት እንዴት ልቁም? እንግዲህ ስለዚያ እናውራ።

ስለ ዱላው አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን የማነሳው አንቺን ለመክሰስ አይደለም፣ አንቺማ ራስሽን ከስሰሽ ጨርሰሻል። ባልደረባሽ «የእኛ አገር ልጅ» ሲልሽ የአገርሽ ሕግ ከአንቺ ጋር መሆኑን እንድታውቂ ብዬ ነው። ደግሞም ዱላው ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ ጸጥ ብሎ ይማር ነበር። አንቺው እንደጻፍሽው የተለወጠው ነገር ቢኖር አንቺን ቀና ብሎ ማየቱን መተዉ ነው።

ወደ እስክሪብቶው ልምጣ። መሸለምሽ ክፋት የለውም። ልብሽ ጥሩ ቦታ ነበር፣ ከኪስሽም አውጥተሻል። ግን ነገሩ ለምን እንደተበላሸብሽ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። ለሌላው ምንም ሳይናገሩ ቆይተው ከሳሉ በኋላ በድንገት ሸለሟቸው። ሦስተኛውን ጭራሽ አልሸለሙም። በኋላ ልጆቹ በነጻ ጊዜያቸው ምን እንደሚሠሩ ሲያዩ፣ አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ይወዱት የነበረውን ሥዕል ከሌሎቹ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው የነኩት። በድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሮው ይስሉ ነበር። የአንቺ ልጆች ትልልቅ ናቸው፣ እንግሊዝኛም እንደ ሥዕል የሚወዱት ላይሆን ይችላል። ግን «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ትሰጪናለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ የመጣ ነው። በልጆቹና በአንቺ መካከል ሳታስቢው ውል ገባችሁ። ውል ደግሞ አንዱ ወገን መክፈል ሲያቆም ሌላውም ሥራውን ያቆማል።

ከጥናቱ በላይ ግን እኔን የነካኝ የዚያች ዝምተኛ ልጅ ንግግር ነው። «የምትሰጪው ለሚረብሹት ነው።» እስቲ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ከአንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ ስንቱ ነው ለአምስትና ስድስት ልጆች የሚሄደው? ከ64ቱ ስንቱን ነው በስሙ የምትጠሪው? ከእነዚያ ውስጥስ ስንቱን ነው ሳያጠፋ የምትጠሪው? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

ሞኒተር ስም ሲጽፍ ታውቂያለሽ መቼም። መምህር የቀረ ቀን ሞኒተሩ ጠመኔ ያነሳና ሰሌዳው አናት ላይ «የረባሾች ስም» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ያሰምርበታል። አንድ ስም ይጻፋል። ልጁ «ምን አደረግኩ?» ብሎ ሲጮህ ስሙ አጠገብ የማባዣ ምልክትና 2 ቁጥር ይጨመርበታል። ሲከራከር 3 ይሆናል፣ ሲለምን 4። እኔም ደሴ ስማር ስሜ ከነማባዣው እዚያ ሰሌዳ ላይ ሰፍሯል። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስማር ግን «ዛሬ ለጓደኛዋ ያስረዳች» ተብሎ የአንድም ልጅ ስም ሲጻፍ አላየሁም። እና ልጅ ከዚህ ምን ይማራል? ስሜ የሚጠራው ሳጠፋ ነው ብሎ ነዋ። ስሙ እንዲጠራ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል፣ የባጃጅ ድምፅ ያሰማል።

ቤታችን እኮ እንዲህ አይደለም። ቡና በሚፈላበት ቤት ያደገ ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ጎረቤት ጠርቶ ሲመለስ፣ ፍንጃሉን አጥቦ ረከቦቱ ላይ ሲደረድር፣ ፍሙን ሳይጥል ለዕጣኑ ሲያደርስ ዝም ተብሎ አይታለፍም። «እደግ!» ይባላል። «እጅህ ይባረክ» ይባላል። ሱቅ ተልኮ መልሱን ቆጥሮ ሲያስረክብ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። ጎረቤቷ እስላም ትሁን ክርስቲያን፣ ምርቃቱ አንድ ነው። ልብ በይ፣ ምርቃቱ የሚመጣው ሥራውን ተከትሎ ነው። ልጁ በምን እንደተመረቀ ያውቃል፤ ማንም አስቀድሞ «ፍሙን ካመጣህ እመርቅሃለሁ» አላለውም። ይህን ምርቃት የምናቆመው መቼ ይመስልሻል? ልጁ ድምፁ ሲጎረንን፣ ልጅቷ ቁመቷ ከእናቷ ሲስተካከል። ሰባተኛ ክፍል አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «እደግ» ቀርቶ «ወላጅ አምጣ» ይጀመራል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጅ እኔ ማን ነኝ እያለ የሚጨነቀው ልክ በዚያ ዕድሜ ነው።

ፈረንጆቹም ይህንኑ ክፍል ውስጥ ፈትነውት ያውቃሉ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት መምህራን ክፍል ገብተው ሦስት ነገር ሞከሩ። ደንብ አውጥቶ ለልጆቹ መንገር፣ ትንሽ ትንሹን ረብሻ አይቶ እንዳላየ ማለፍ፣ ልጆቹ ደህና ሲሠሩ ደግሞ ያንን ማሞገስ። ደንቡ ለብቻው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ማለፉና ማሞገሱ አብረው ሲሄዱ ግን ረብሻው ቀነሰ። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ግን አሁንም ግድግዳ ላይ 14 ቁጥር ያለው የተማሪዎች ደንብ እንለጥፍና እንጠብቃለን።

አሁን «እሺ፣ ላሞግስ» ብለሽ ሰኞ እንዳትሮጪ። አንድ ነገር አለ። የ13 ዓመት ወንድ ልጅን ክፍሉ ፊት «እደግ» ብትይው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ጓደኞቹ እስከ ሰኔ ይስቁበታል። ሁለተኛ ደግሞ ጥሩ ሥራ በፊታቸው አይሠራም፣ እንዳይመሰገን ብሎ። ስለዚህ ምስጋናውን ዝቅ አድርጊው። በዴስኮቹ መሀል ስታልፊ ጎንበስ ብለሽ ለእሱ ብቻ። ወይም ደብተር ስታርሚ በእስክሪብቶሽ። «ጎበዝ» ብለሽ ግን አትለፊ፤ «ጎበዝ» 64 ደብተር ላይ ሲጻፍ ማንንም አይነካም። ያየሽውን ጻፊ። «ሦስተኛውን ጥያቄ ተሳስተህ ሰርዘህ እንደገና ሞክረሃል። አይቻለሁ።» በቃ። ይህችን አንድ መስመር ልጁ ቤቱ ሄዶ ደግሞ ያነባታል።

64 ልጅ በቀን አይዳረስም፣ አውቃለሁ። በቀን አምስት ስም ያዢ። ስም መጥሪያው ላይ፣ ጥሩ ነገሩን አይተሽ የነገርሽው ልጅ ስም አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጊ። በ13 የትምህርት ቀን ክፍሉን ትጨርሺዋለሽ። እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ነጥብ ሳያገኙ የቆዩት እነማን እንደሆኑ ስታዪ ትደነግጪያለሽ። የሚረብሹት አይሆኑም። መሀል ላይ የሚቀመጡት፣ ድምፃቸው የማይሰማው ናቸው። ያቺ ተከትላሽ የወጣች ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። ከእሷ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። እስክሪብቶ አያስፈልጋትም፤ «ያልሽኝን አሰብኩበት፣ ልክ ነሽ፣ የቤት ሥራሽን በየቀኑ አየዋለሁ፣ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው» በያት።

እስክሪብቶውን ዝም ብለሽ አታቋርጪው፣ ቅጣት ይመስላቸዋል። ሰኞ ስትገቢ ንገሪያቸው። በራስሽ ቃል ሆኖ እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «እስክሪብቶ የምገዛው ስለምወዳችሁ ነበር። ግን እያየሁት ነው፣ እናንተም እኔም ነጋዴ እየሆንን ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልገዛም። ይህን ያልኩት ተናድጄ አይደለም።» ይጮሃሉ። ዴስክም ሊደበድቡ ይችላሉ። ጥቂት ቀን ይብስበታል፣ ይህን አስቀድመሽ እወቂው፤ የለመዱት ነገር ሲቀር መጀመሪያ ጩኸቱን ይጨምራሉ። ያኔ ደንግጠሽ ከረሜላ ከገዛሽ፣ በጮህን ቁጥር ይመጣል ብለው ይይዙታል። ጸንተሽ ቁሚ።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር አብራችሁ ሥሩ። ዝም ብለሽ ጸጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ሦስት ነገር ብቻ እንዲመርጡ አድርጊ፦ ክፍላችን ደስ የሚል እንዲሆን ምን እናድርግ? እነሱ ይናገሩ፣ በእነሱ አማርኛ ይጻፍ። «ሰው ሲናገር አናቋርጥም» ይሉ ይሆናል። «በሰው ስህተት አንስቅም» የሚል አንዱ ማውጣቱ አይቀርም፣ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ትልቁ ፍርሃት እሱ ነውና። ከዚያ ደንቡን ለጥፈሽ አትሂጂ፣ አለማምጂያቸው። ከእረፍት ሲመለሱ በር ላይ መጋፋት ካስቸገረሽ አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ወስደሽ ውጡና እንደገና ግቡ በያቸው። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰባተኛ ክፍል ናቸው፣ ይህን እንዴት አያውቁም ትይ ይሆናል።

ላያውቁ ይችላሉ እኮ። የእነዚህን ልጆች ዕድሜ እስቲ ወደ ኋላ ቁጠሪው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነበሩ፣ ልክ ተሰልፎ መግባትና እጅ አውጥቶ መናገር በሚለመድበት ጊዜ። ከዚያ በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ነበሩ። ስንቱ በእግሩ ሄደ፣ ስንቱ ቤት ተዘግቶበት ቆየ። ከዚያ በኋላ ተሰባብሮ የቆያቸው ክፍል ውስጥ ገብተው ተማሩ። እኔ ይህን ለጥፋት ሁሉ ሰበብ አላደርገውም፣ የአንዱንም ልጅ ልብ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ግን «የዘመኑ ልጅ» ሲባል ስሰማ ያመኛል። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ካለ፣ ዴስክ በዱላ መምታቱን እንኳ እንድታስቢበት እፈልጋለሁ።

ለከሰዓቱ ሙቀት ደግሞ ጨዋታ ያስፈልግሻል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 ባሪሽ፣ ሳውንደርስና ዎልፍ አራተኛ ክፍል ላይ የሞከሩት አንድ ቀላል ነገር አለ። ክፍሉ ሁለት ቡድን ይሆናል፣ ከቦታው የተነሳ ወይም ሳይፈቀድለት ያወራ ልጅ ሲኖር ለቡድኑ ምልክት ይጻፍበታል፣ ምልክቱ ጥቂት የሆነለት ያሸንፋል። ሁለቱም ከተወሰነ ቁጥር በታች ከሆኑ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ሽልማታቸው ቀድሞ ለምሳ መሰለፍና የሚወዱትን የሚሠሩበት ትርፍ ጊዜ ነበር፤ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ብሆን ገልብጬ እጫወተው ነበር፤ ጥሩ ነገር ሳይ ነው ምልክት የማደርገው፣ ቡድኖቹንም ከሁለት አበዛቸው ነበር። ያሸነፈው ረድፍ ቀድሞ ይውጣ፣ ወይም የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እሱ የመረጠውን የእንግሊዝኛ ጨዋታ እንጫወት። አንድ ልጅ ሆን ብሎ ቡድኑን ሲያስበላ ካየሽ ግን እሱን ለብቻው አውጥተሽ አናግሪው እንጂ ጓደኞቹ እንዲቀጡት አትተዪው። ይህ ጨዋታ ሲበላሽ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ይቅርታ ጠይቂው። ተማሪን ይቅርታ መጠየቅ ክብርሽን የሚቀንስ መስሎ ይሰማሽ ይሆናል፣ እንዲያ ተብለን ነው ያደግነው። ግን አስቢው። ከመላው ክፍል ፊት የተመታ ልጅ ነው፣ አላለቀሰም፣ እጁን ደብቆ ተመለሰ። ያ ልጅ ክብር ምን እንደሆነ ያውቃል። ለብቻው፣ ተማሪ በሌለበት፣ ቆማችሁ። አጭር ይሁን። «ያን ቀን እጅህን መምታት አልነበረብኝም። ድምፁ ረብሾኝ ነበር፣ ግን መምታቴ ትክክል አይደለም። ይቅርታ።» «አንተም እኮ» የሚለውን አትጨምሪበት። መልስ አትጠብቂ። ትከሻውን ነቅንቆ ሊሄድ ይችላል፣ እሱም ይበቃል።

ከዚያ ለአሥር የትምህርት ቀን በቀን ሁለት ደቂቃ ስጪው። ስለ ጸባዩ አይደለም፣ ስለ ትምህርትም አይደለም። ስለ ባጃጅ። የሞተሩን ድምፅ እንዲያ አስመስሎ የሚያወጣ ልጅ ባጃጅ ሲሠራ ቆሞ አይቷል፣ ወይም ራሱ ከሰዓቱ ፈረቃ በፊት እዚያ ይውላል። ጠይቂው። ማርሹ ስንት ነው? ደሴ ድረስ የሐረጎን ዳገት መውጣት ይችላል? አንቺ የማታውቂውን እሱ ያውቃል፣ ይንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት «እንጃ» ብቻ ይልሻል። አይክፋሽ፣ ቀጥዪ። አንድ ቀን የባጃጅ ክፍሎችን ስም በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍልሽ ብትጠይቂው ምን ይሆን ይመስልሻል? ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅ ጀርባሽ ላይ ድምፅ አያሰማም።

የ«አጎቱን» ነገር ሳነብ አዘንኩ። ከመንገድ ሰው ለምኖ ያመጣ ልጅ እናቱን ከአንቺ እየደበቀ ነው፣ ወይም አንቺን ከእናቱ። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣችን እናት «ልጅሽ አጥፍቷል፣ ነይ» ተብላ እንድትጠራ አይፈልግም። ቀን ካልሠራች የቀኑ ይቆረጥባት ይሆናል፣ ይህንንም አናውቅም። «ወላጅ አምጣ»ን ለጊዜው ተዪው። እሱ አንድ ደህና ነገር የሠራ ቀን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእናቱ ደውዪላት። ከመደወልሽ በፊት ግን ለእሱ ንገሪው፦ «ዛሬ ማታ ለእናትህ ልደውልላት ነው፣ ለጓደኛህ እንዳስረዳኸው ልነግራት።» መጀመሪያ አያምንሽም። እናቲቱም የመምህር ስልክ ስታይ ልቧ ይደነግጣል፣ ስለዚህ ገና ሰላም ከማለትሽ «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው፣ ደስ የሚል ነገር ልነግርሽ ነው» በያት። ከዚያ ያየሽውን ንገሪያትና ዝጊ። ሌላ ቅሬታ አታያይዢበት። ሌላ ጊዜ የምር የምትነጋገሩበት ነገር ሲመጣ ይህች ስልክ መንገድ ትሆንሻለች።

ቅጣት ጭራሽ ይቅር አላልኩም። ልጅ ልጅን ከደበደበ፣ የሰው ዕቃ ከሰበረ፣ ሴት ልጅን ካስቸገረ አይታለፍም። ያበላሸውን ያስተካክል፣ የበደለውን ይካስ፣ የትምህርት ቤቱ አሠራር የሚለው ይፈጸም፣ ወላጅም ይጠራ። ግን አንቺ በተረጋጋሽ ሰዓት፣ ክፍሉ ታዳሚ ሆኖ ሳይቀመጥ። ክፍል ውስጥ በንዴት የምንሰጠው ፍርድ ሁሌ ይበልጥብናል። ለትንሽ ትንሹ ግን፣ ሹክሹክታው፣ እስክሪብቶ ማንኳኳቱ፣ ሳቁ፣ ማስተማርሽን ሳታቋርጪ አጠገቡ ሄዶ መቆም ብዙውን ይጨርሰዋል።

ባልደረቦችሽን ለማሳመን አትድከሚ። አንድ ሰው ብቻ ፈልጊ። በዚያው ክፍል የሚያስተምር፣ ልጆቹን ሲያወራ ፊቱ የማይጨልም አንድ ሰው ይኖራል። ያንን የነጥብ ነገር ለሁለት ሳምንት አብረን እንሞክር በይው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ልጆቹ ቶሎ ይይዙታል። «ሥርዓት አስይዢ» ላሉሽ አለቆችሽ ደግሞ ያቺን ነጥብ የሞላባትን ወረቀት አሳዪያቸው፤ ምን እየሠራሽ እንደሆነ በዓይናቸው ያዩታል።

የእሁድ ማታው ሆድ ቁርጠት ያሳስበኛል። ክፍሉን መልቀቅ ኃጢአት አይደለም፣ ድካሙ ካልቻልሽው ማንም አይፈርድብሽም። ግን አሁን በዚህ ስሜት አትወስኚ። ነጥቡ 64 እስኪሞላ ጠብቂ፣ ሦስት ሳምንት አይፈጅም። ያኔም ሆድሽ እንዲህ ከሆነ ደግመሽ ጻፊልኝ፣ ስለ መቀየሩ ያኔ በደንብ እናወራለን። እስከዚያ እሁድ ከሰዓት ደብተር አታርሚ። ቡና አፍልተሽ ከጎረቤት ጋር ተቀመጪ።

ሰኞ ግን ከበሩ ቀድመሽ ቁሚ። ሲገቡ በስማቸው ጥሪያቸው፣ የቻልሽውን ያህል። ከኋላ ወንበር የሚሄደው ረጅሙ ልጅ ቀና ባይልም ስሙን ጥሪው። ጠመኔውን የሰጠሽው ቀን ምን እንደጻፈ ንገሪኝ።